የጣና ሐይቅን የዓሣ ሀብት ለመታደግ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ያመላከተው አቅጣጫ

በጣና ሐይቅ የሚገኘውን ብርቅዬ የዓሣ ሀብት ከመመናመን ለመታደግ ሐይቁን በሙሉ ዓመቱን ሁሉ ለአስጋሪዎች መዝጋት እንደማያስፈልግ፣ ይልቁንም ዓሦቹ ለመራባት ወደ ወንዞች በሚጓዙባቸው ጥቂት ወራት የወንዞቹን መግቢያዎች መጠበቅ ቀዳሚው ተግባር መሆኑን ካለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ጥናቶቹ የተከናወኑት በባህር ዳርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በኔዘርላንድስ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ እንዲሁም በባህር ዳርና በሰበታ በሚገኙት የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከላት ባለሙያዎች ነው። በኢትዮጵያ የውሃ አካላት ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራው የኢትዮ ሩሲያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጥናት ቡድንም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። የምርምሩ ጠቀሜታ ስለ ዓሦቹ ያለውን ዕውቀት በማስፋት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው፣ ቁጥጥር የሚያደርገው፣ የመስኖና የግድብ ፕሮጀክት የሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሥፍራና በየትኛው የማስገሪያ መሣሪያ ላይ ማሳረፍ እንዳለበት ለይቶ ያመለክታል።

በመሆኑም የጣና ጉዳይ የምርምር ውጤት ወደ አስተዳደር ውሳኔ ሲሸጋገር ምን ያህል ጥቅም እንደሚያስገኝ፣ ሳይሸጋገር ሲቀር ደግሞ ምን እንደሚያሳጣ የሚታይበት ነው።

ሐይቁና ዓሦቹ

ከባህር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የቆዳ ስፋት ያለው የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። የስፋቱን ያህል ግን ጥልቅ አይደለም። እጅግ ጥልቅ የሆነው ክፍሉ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ይገመታል። ከ60 የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ወደ ሐይቁ ይፈስሳሉ። ከእነዚህም መካከል ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አብዛኛውን ውሃ ያስገባሉ። ከሐይቁ በተፈጥሮ የሚወጣው ወንዝ አባይ ብቻ ነው።

ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውና ቁመቱ ወደ 40 ሜትር የሚደርሰው የጢስ አባይ ፏፏቴ በታችኛው አባይ የሚኖሩ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ አግዷል። በዚህም ምክንያት የጣና ዓሦች ከሌላው የአባይ ተፋሰስ ተነጥለው ኖረዋል። በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ደለል በመቅዳት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረጉት ጥናት ሐይቁ ከ16 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር አሳይቷል። ይህም ዛሬ በሐይቁ የሚታየው የዓሣ ልዩ ልዩነት በተፈጥሮ ታሪክ መመዘኛ እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ የተፈጠረ መሆኑን ያስረዳል።

በሐይቁ ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች በሦስት ይከፈላሉ። እነርሱም ቆሮሶ፣ አምባዛ እና በተለምዶ ነጭ ዓሣ የሚባለው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በበርካታ የአፍሪካ ሐይቆችና ወንዞች ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ በሚል አንድ ስም የሚጠራው ወገን ግን በሳይንሳዊ መጠሪያው ላቢዮባርበስ የሚባል ሲሆን፣ በውስጡ በጣና እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ በርካታ ዝርያዎችን ይዟል። የምርምሩ ዋነኛ ትኩረትም ይኸው ወገን ነው።

ከአንድ ዝርያ ወደ አሥራ አምስት

የጣናን ነጭ ዓሣ በሳይንሳዊ መንገድ የመመዝገቡ ሥራ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው ጽሑፍ ከሐይቁ የተገኙ የተለያዩ ዝርያዎችን ገልጿል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም በዝርዝሩ ላይ ሌሎች ስሞችን ጨምረዋል። ይሁንና እንግሊዛዊው ባኒስተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባደረገው ክለሳ በመልክ የሚለያዩትን እነዚህን ዓሦች በአመዛኙ የአንድ ዝርያ ልዩ ልዩ ገጽታዎች አድርጎ በአንድ ስም ጠቀለላቸው።

ይህ አመለካከት የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊዮ ናግልከርከ እና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከኢትዮጵያውያን የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን የዓሦቹን የአካል ቅርጽ፣ አመጋገብ፣ የሚኖሩበትን የሐይቁን ክፍልና የመራቢያ ጊዜያቸውን በዝርዝር መረመሩ። በመጀመሪያ 14 የተለያዩ ዓይነቶችን የለዩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ክለሳ በሐይቁ 15 የላቢዮባርበስ ዝርያዎች እንደሚገኙ አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ በወጡ ጽሑፎች ቁጥሩ እስከ 17 ደርሷል።

ዝርያዎቹ የሐይቁን ምግብ የተከፋፈሉበት መንገድ የተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል። ከፊሎቹ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳትን፣ ሌሎቹ የውሃ ዕፅዋትን ወይም ቀንድ አውጣን ይመገባሉ። ከ15ቱ ስምንቱ ደግሞ ሌሎች ዓሦችን የሚበሉ ናቸው። ላቢዮባርበስ የሚመደብበት ቤተሰብ በአፉ ውስጥ ጥርስ የሌለው በመሆኑ ዓሣ አዳኝ የሆኑ ዝርያዎች በዚህ ቁጥር በአንድ ሐይቅ መገኘታቸው በሳይንሱ ዓለም ያልተለመደ ክስተት ተደርጎ ይወሰዳል። ከዝርያዎቹ አንዱ በጎርጎራ ስም፣ ሌላው በራሱ በሐይቁ ስም መጠራታቸውም የአካባቢው ሀብት መሆናቸውን የሚያስታውስ ነው።

ይህ የአከፋፈል ጉዳይ ለሳይንስ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በሐይቁ ያለው ነጭ ዓሣ አንድ ዝርያ ቢሆን ኖሮ በአንድ ወንዝ አካባቢ የደረሰ ጉዳት በሌላው አካባቢ በሚራቡት ሊካካስ ይችል ነበር። አሥራ አምስት ዝርያዎች መሆናቸው ሲረጋገጥ ግን የአንዱ መጥፋት በሌላው አይተካም። ከዚህም በላይ በሚዛን ላይ በአንድነት የሚመዘገበው የነጭ ዓሣ ምርት አጠቃላይ መጠኑ ሳይቀንስ በውስጡ ያሉት ዝርያዎች አንድ በአንድ ሊመናመኑ ይችላሉ። የዓሣ ምርትን በኩንታል ብቻ የሚከታተል መሥሪያ ቤት ይህን ለውጥ ሊያየው አይችልም።

የመራቢያ ወቅትና ሥፍራ

ቆሮሶ በሐይቁ ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚራባና እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፉ ይዞ የሚንከባከብ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ ከዚህ ይለያል። በተመራማሪዎች በተረጋገጠው መሠረት ቢያንስ ሰባት የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ለመራባት ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ክረምት ሲገባና ወንዞቹ ሲሞሉ ዓሦቹ በብዛት በወንዞቹ መግቢያ ላይ ይሰባሰባሉ። ከዚያም ሽቅብ በመጓዝ ንጹህ፣ ፈጣንና ኦክስጅን የበዛበት ውሃ ወዳላቸው ጠጠራማ ገባር ጅረቶች ይደርሳሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዚያ ነው።

ጠጠሩ እንቁላሎቹ በጎርፍ እንዳይወሰዱ ሲጠብቅ፣ ፈሳሹ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን ያደርስላቸዋል። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ ወይም ለግንባታ ከተጫነ እንቁላሎቹ የሚያርፉበት ሥፍራ አይኖርም። ከእንቁላል የወጡት ጫጩቶች ለተወሰነ ጊዜ በወንዞቹ ውስጥ ባሉ ኩሬዎች ይቆዩና ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

በጉማራ ወንዝና በገባሮቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጉዞው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የሚከናወን መሆኑን፣ ዝርያዎቹም በወቅትና በሥፍራ ተራ ይዘው እንደሚጠቀሙበት አሳይተዋል። አንዱ ዝርያ ቀድሞ ሲወጣ ሌላው ይዘገያል፤ ከፊሉ አንዱን ገባር ሲመርጥ የተቀረው ወደ ሌላው ያመራል። የባህር ዳርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከጊዜ በኋላ በመገጭ፣ በድርማ፣ በአርኖ ጋርኖና በሌሎች ወንዞች ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች ተመሳሳይ ጉዞ መኖሩን አረጋግጠዋል። በወንዞች ያልተገኙት ሌሎቹ ዝርያዎች በሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይገመታል።

የመመናመኑ ምክንያት

የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች ለዘመናት ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩት ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ሲሆን፣ ይህም በአመዛኙ በዳርቻው አካባቢ የተወሰነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድስ ግብረ ሠናይ ድርጅት ድጋፍ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ዓሣ የማስገር ሥራ ተጀመረ። ዓላማው የአስጋሪዎችን ገቢ ማሳደግና የዓሣ አቅርቦትን ማሻሻል ነበር። ውጤቱም በፍጥነት ታየ። በዚህ ዘዴ የተገኘው ዓመታዊ ምርት እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን ገደማ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ 360 ቶን ከፍ አለ።

የሞተር ጀልባ አስጋሪው በአንድ ቀን ሩቅ የሐይቁ ክፍል ደርሶ እንዲመለስ በማስቻሉ ቀደም ሲል ብዙም የማይደረስባቸው የወንዝ መግቢያዎች በክረምት የመረብ ማረፊያ ሆኑ። ዓሦቹ በአንድ ሥፍራ ስለሚከማቹ ለአስጋሪው ትንሽ ነዳጅና ትንሽ ጊዜ ይበቃዋል። ለዓሦቹ ግን ከዓመቱ ሁሉ እጅግ ተጋላጭ የሚሆኑበት ሰዓት ይኸው ነው። በመረቡ የሚያዙትም እንቁላላቸውን ገና ያልጣሉ እናቶች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነውና ማርቲን ደ ግራፍ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ባደረገው ጥናት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰበው መረጃ ከአሥር ዓመት በኋላ ከተሰበሰበው ጋር ተነጻጽሯል። በዚህም የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱ ተረጋግጧል። ለመራባት ያልደረሱት ትንንሽ ዓሦች ቅነሳ ደግሞ ከዚህም የባሰ ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ለውጡ በተፈጥሮ ምክንያት የመጣ ስለመሆኑ ፈትሸው፣ አሳማኝ የሆነው ምክንያት በመራቢያ ወቅት በወንዝ መግቢያዎች የሚደረገው ማስገር መሆኑን ደምድመዋል። በአንዳንድ ወንዞች የብርብራን ፍሬ በመፍጨት ዓሣን አስክሮ የመያዝ ልማድም ጉዳቱን እንደሚያባብስ በጥናቶች ተመልክቷል።

የዘርፉ ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ሁኔታ ተተኪ ትውልድን የሚያሳጣ ማስገር ይሉታል። የሚያዘው ዓሣ መጠን ከመብዛቱ ይልቅ የሚያዝበት ወቅት ለመራባት የሚወጣውን ስለሚያጠፋ በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ ሐይቁ የሚገባው ጫጩት ይቀንሳል። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለመራባት ዓመታት የሚወስድበት በመሆኑ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ሲታይ ደግሞ ለመጠገን ረጅም ጊዜ ይጠይቃል።

ሕጉና አፈጻጸሙ

የፌዴራል መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን በ1995 ዓ.ም. ያወጣ ሲሆን፣ የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥቷል። በፈንጂና በመርዝ ዓሣ መያዝን መከልከል፣ ለንግድ የሚያሰግሩ ሰዎች ፈቃድ እንዲኖራቸው ማድረግ፣ የማስገሪያ ወቅትን፣ ሥፍራንና የመረብን ዓይነት መወሰን የሕጉ ዋነኛ መሣሪያዎች ናቸው።

በሕጉ ላይ የሰፈረውን ሥልጣን በትክክለኛው ቦታ ለማዋል የሚያስችለው ግን የምርምሩ ዝርዝር ነው። ሕጉ ወቅትንና ሥፍራን መወሰን ይቻላል ሲል፣ ጥናቱ ወቅቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ሥፍራው የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭ፣ የግልገል አባይና የሌሎቹ ወንዞች መግቢያና ገባር ጅረቶች መሆኑን ይናገራል። ሐይቁ በጠቅላላ ሲዘጋ ቆሮሶና አምባዛ በማስገር የሚተዳደረው አስጋሪም ያለ በቂ ምክንያት ይጎዳል። የወንዝ መግቢያዎቹ ብቻ ሲጠበቁ ግን አስጋሪው በሌላው የሐይቁ ክፍል ሥራውን መቀጠል ይችላል። በአገሪቱ የዓሣ ፍላጎት ጎልቶ የሚታየው በዐቢይ ጾም መሆኑም እገዳው ከዋነኛው የገበያ ወቅት ጋር እንዳይጋጭ ያደርገዋል።

ይህ ማለት ግን አፈጻጸሙ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በክረምት ወደ ወንዝ መግቢያዎች ለመድረስ ጀልባ፣ ነዳጅና የተመደበ ሠራተኛ ያስፈልጋል። የሐይቁ ዳርቻ በበርካታ ወረዳዎች የተከፋፈለ በመሆኑ በአንዱ ወረዳ የተከለከለው በጎረቤቱ ከተፈቀደ ቁጥጥሩ ትርጉም ያጣል። ቀዳዳቸው ጠባብ የሆነና ከቀጭን የፕላስቲክ ክር የሚሠሩ መረቦች በሕገ ወጥ መንገድ መግባታቸውም ችግሩን አወሳስቦታል። እነዚህ መረቦች ርካሽ በመሆናቸው በፍጥነት ይስፋፋሉ፤ በውሃ ውስጥ ሲጠፉም ሳይበሰብሱ ለረጅም ጊዜ ዓሣ መያዛቸውን ይቀጥላሉ።

ከማስገር ባሻገር ያሉ ሥጋቶች

የወንዝ መግቢያዎችን ከመረብ መጠበቅ ብቻውን በቂ አይደለም። ዓሦቹ ከመግቢያው አልፈው እንቁላል ወደሚጥሉበት ሥፍራ መድረስ ይኖርባቸዋል። በወንዞቹ ላይ የሚሠሩ ግድቦች፣ ለመስኖ የሚጠለፍ ውሃና ለግንባታ የሚወጣ አሸዋና ጠጠር ይህን ጉዞ ያደናቅፋሉ። በርብ ወንዝ ላይ ለመስኖ የሚውል ግድብ የተሠራ ሲሆን፣ በመገጭ ላይም ተመሳሳይ ግንባታ ተጀምሯል። የመስኖ ልማቱ ለአካባቢው አርሶ አደር ያለው ጠቀሜታ አያጠያይቅም። ጥያቄው ለዓሦቹ ማለፊያ መተውና በመራቢያ ወቅት ከግድቡ በታች በቂ ውሃ መልቀቅ በፕሮጀክቱ ንድፍ ውስጥ የተካተተ መሆኑ ላይ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ይህን መሰል ጉዳይ ከግንባታ በፊት እንዲመረመር የሚያደርግ ሥርዓት ዘርግቷል። ተመራማሪዎች ግድብ ከተሠራ በኋላ የዓሣ ማለፊያ መጨመር ከመጀመሪያው ከማካተት በእጅጉ የሚከብድና ወጪው የሚበዛ መሆኑን ያስገነዝባሉ። ስለዚህ የዓሦቹን የመራቢያ ሥፍራ የሚያሳየው ጥናት ንድፉ ከመጽደቁ በፊት በኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት።

የሐይቁ የውሃ ከፍታ አጠቃቀምም በምርምር የተዳሰሰ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው የጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ የአባይን አወጣጥ ለኃይል ማመንጫ አገልግሎት ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቅና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ ተደምረው የሐይቁ ከፍታ እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተስተጓጉሏል፤ ሰፊ የደንገል ይዞታም ተጎድቷል።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ የውሃ ምህንድስና ባለሙያ ከዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ተቋም ተመራማሪዎች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት የጢስ አባይ ፏፏቴን በሚያካትተው የወንዙ ክፍል መሠረታዊውን ሥነ ምህዳር ለመጠበቅ በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መለቀቅ ሊያስፈልግ እንደሚችል አስልቷል። ይህም ከወንዙ አማካይ ዓመታዊ ፍሰት 22 በመቶ ነው። ግምቱ በቁጥር መቀመጡ የኃይል፣ የመስኖና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊደራደሩበት የሚችሉት መነሻ ሰጥቷል።

እምቦጭና የዳርቻው ረግረግ

የሐይቁን ዳርቻ የሸፈነው የደንገል ረግረግ ለታንኳ ሠሪው ጥሬ ዕቃ፣ ለትንንሽ ዓሦች መጠለያ፣ ለሐይቁ ደግሞ ደለል ማጣሪያ ነው። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚታረሰው መሬት እየሰፋ ሲሄድ ረግረጉ ጠብቧል። ከተራቆቱ ተዳፋት መሬቶች የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያም ማጣሪያ ሳያገኝ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

በዚህ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የተመቸ ሥፍራ አግኝቷል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ ዕጥፍ ሊሆን ይችላል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የውሃውን ገጽ በመሸፈን የፀሐይ ብርሃንን ያግዳል፣ ኦክስጅን ያሳንሳል፣ የታንኳና የጀልባ መተላለፊያንም ይዘጋል። በአገሪቱ አረሙ ከዚህ ቀደም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታይቶ እንደነበር ተመዝግቧል።

በጣና እምቦጭ በብዛት የሰፈረው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች አካባቢ ነው። መገጭ፣ ድርማ፣ አርኖ ጋርኖ፣ ርብና ጉማራ ወደ ሐይቁ የሚገቡትም በዚሁ ዳርቻ ነው። ለአረሙ ምግብ የሚሆነውን ደለል የሚያመጡት ወንዞችና ዓሦቹ ለመራባት የሚሰባሰቡባቸው መግቢያዎች አንድ ናቸው። በመሆኑም አረሙን ከእነዚህ ሥፍራዎች ማስወገድ ለዓሣ ሀብቱም የሚሰጠው ጥቅም ከሌላው ዳርቻ የላቀ ነው።

የባህር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የአረሙን ሥርጭት በማጥናትና በማሽን ለማስወገድ በተደረጉ ጥረቶች በመሳተፍ አስተዋጽኦ አድርገዋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም በየጊዜው በዘመቻ አረሙን በእጅ ነቅለዋል። ሆኖም ዘሩ በጭቃው ውስጥ በሕይወት ስለሚቆይና ደለሉና ማዳበሪያው መግባቱን ስላላቆመ አንድ ጊዜ የጸዳ ሥፍራ ተመልሶ ይሸፈናል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አረሙን የሚመገቡ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች መለቀቃቸው ለአረሙ መቀነስ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ቢሆንም፣ ከተፋሰሱ የሚገባው ንጥረ ነገር ባለመቆሙ አረሙ ከጊዜ በኋላ ተመልሷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የአረሙ መፍትሔ ከሐይቁ ላይ ብቻ ሳይሆን ከተዳፋቱ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ የሚጀምር መሆኑ ነው።

ከላናኦ የሚወሰድ ትምህርት

የጣና ዓሦች መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በፊሊፒንስ ሚንዳናኦ ደሴት የሚገኘውን የላናኦ ሐይቅ መመልከት ይበቃል። ላናኦም እንደ ጣና ከአንድ ቤተሰብ የተገኙ፣ በሌላ ሥፍራ የማይኖሩ በርካታ ዝርያዎች ነበሩት። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦች፣ ከመጠን ያለፈ ማስገርና አጥፊ የማስገሪያ ዘዴዎች ተደምረው ሀብቱን አጠፉት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 በሐይቁና ከሐይቁ በሚወጣው ወንዝ ከሚታወቁት 17 ብርቅዬ ዝርያዎች 15ቱ ከምድር ገጽ መጥፋታቸውን አስታውቋል።

ከዚህ በኋላ ጣና በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ የዝርያዎች ስብስብ በሕይወት የሚገኝበት ብቸኛው ታላቅ ሐይቅ ተደርጎ ይጠቀሳል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ሐይቁንና አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ ከታዩት እሴቶች አንዱ ይኸው የብዝኃ ሕይወት ሀብት ነው። ላናኦ ላይ ጥናቱ ዝርያዎቹን መዝግቦ ነበር። ጥበቃው ግን በጊዜው አልደረሰላቸውም።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

ከምርምር ውጤቶቹ በመነሳት በሐይቁ ዙሪያ የሚመለከታቸው አካላት ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ተግባራት ግልጽ ናቸው። በቅድሚያ የዓሣ ምርት መረጃ በጅምላ በኩንታል ከመመዝገብ አልፎ በዝርያ፣ በሥፍራና በወር ተለይቶ መያዝ ይኖርበታል። በወደቦች የሚመደቡ መዝጋቢዎች ዝርያዎቹን ለመለየት የሚያስችል አጭር ሥልጠና ከዩኒቨርሲቲው ቢያገኙ ሥራው ከፍተኛ ወጪ ሳይጠይቅ ሊከናወን ይችላል።

ሁለተኛው የመራቢያ ወቅት እገዳ በየዓመቱ ከሐምሌ በፊት ለአስጋሪ ማኅበራት እንዲታወቅ፣ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ሁሉም በአንድ ቀን እንዲጀምርና እንዲያበቃ ማድረግ ነው። አስጋሪዎች በእገዳው ዝግጅት ላይ ከተሳተፉና ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ በራሳቸው መረብ እንደሚታይ ከተረዱ ከቁጥጥር ሠራተኛው በላይ የሐይቁ ጠባቂዎች ይሆናሉ። ሦስተኛው በጣና ገባር ወንዞች ላይ ለሚታቀድ ለማንኛውም የግድብ፣ የመስኖ ወይም የአሸዋ ማውጫ ፈቃድ የዓሦቹ የመራቢያ ሥፍራ ካርታ የግምገማው አካል እንዲሆን ማድረግ ነው።

በመጨረሻም የምርምር ቀጣይነት ልዩ ትኩረት ይሻል። የ75 በመቶው ቅነሳ ሊታወቅ የቻለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰበ መረጃ በመኖሩና ከአሥር ዓመት በኋላ በተመሳሳይ ዘዴ በመደገሙ ነው። የመጀመሪያው ልኬት ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው ምንም ባልተናገረ ነበር። የውጭ ድጋፍ ሲያበቃ የሚቋረጥ ክትትል እንዲህ ያለውን ማነጻጸሪያ ያሳጣል። ስለሆነም ከክልሉና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መደበኛ በጀት የሚመደብለት፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ማዕከላት የሚመራ ዘላቂ የክትትል ሥራ ለሐይቁ የሚወጣውን ሌላውን ወጪ ሁሉ ውጤታማ የሚያደርግ መሠረት ይሆናል።

ጣና ለአስጋሪው የዕለት ገቢ፣ ለኃይል ማመንጫው ውሃ፣ ለገዳማቱ መቀመጫ፣ ለከተማው የቱሪስት መስህብ ነው። ይህን ሁሉ አገልግሎት በአንድነት እየሰጠ ሊቀጥል የሚችለው የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ድርሻ በጥናት ተለይቶ ሲወሰን ነው። ከዩኒቨርሲቲዎች የተገኘው ዕውቀት ለዚህ ውሳኔ የሚያስፈልገውን አብዛኛውን መነሻ አስቀምጧል። ቀሪው ሥራ ዕውቀቱን በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ወደ ወንዞቹ መግቢያ ማድረስ ነው።